የቲማቲም ጣሳ ፍሬቻ

እኔ ሽማግሌ የረገጥኩ ሰው ነኝ። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ከቢከን ሂል እስከ ሬንተን የሚኖር የአገሬ ሰው አብዛኛው ይህን ሰምቷል፤ በየማኅበሩና በየለቅሶ ቤቱ ሲወራም ብዙ ተጨምሮበታል። ሽማግሌዎቹን በመፍቻ አባረራቸው ያለም አለ። መፍቻ በእጄ ነበር፤ የያዝኩት ግን ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው። እንግዲህ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ያ ቅዳሜ ተመልሶ ቢመጣ አሁንም እረግጣለሁ።

ባቡሩ ሰፈራችን ቢከን ሂል ላይ መቆም ከጀመረ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ያኔ እዚሁ ከተማ ሶዶ በሚባል ሰፈር (የአገራችን ሶዶ አይደለም) በሚገኝ አንድ መጋዘን የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ኤሌክትሪክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። አዲስ አበባ ሳለሁ የተጣለ ራዲዮ እየፈታሁ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ የተቃጠለ ቻርጀር እየፈታሁ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ራሱን ያስተማረ ሰው ትዕግሥትም ግትርነትም አያጣም። እኔ ዘንድ ግትርነቱ ያመዝናል። ቤቴም በዚሁ ይመራ ነበር፤ «አይሆንም» ካልኩ አይሆንም። ባለቤቴ አልማዝ ትስማማለች ወይም ዝም ትላለች፤ አንድ ልጄ ህሊናም እስከዚያ ዓመት ድረስ ታዝዛ ኖራለች።

ህሊና ትምህርቷን ጨርሳ ሬንተን በሚገኘው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሽቦ በመዘርጋት ሥራ ተቀጥራ ነበር። በዚያ መኸር የሥራ ሰዓቷ ወደ ንጋት ተቀየረ። ቤታችን ያለው አንድ መኪና ነው፤ እሱንም በዚያው ሰዓት አልማዝ ይዛው ትወጣለች። ባቡሩ ሬንተን አይደርስም። አውቶቡሱ ደግሞ ሁለት ጊዜ እየተቀያየረ የሚያደርሳት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። አለቃዋ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በሰዓቱ ካልተገኘሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሏታል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጋራዡ በር ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ህሊና ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሞተር ነው፣ ዳድ።»

«ሞተር መሆኑንማ አየሁ። የማን ነው?»

«የኔ። ከሥራ ባልደረባዬ ገዛሁት። ክላሱን ወስጃለሁ፣ ላይሰንሱንም አውጥቻለሁ።»

እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ሪዝኑን ንገረኝ» ብቻ አለች።

ምክንያቱን ነገርኳት። ከመጋዘናችን ፊት ለፊት ባለው መስቀለኛ መንገድ የጭነት መኪና ሞተረኛ ሲገጭ አይቻለሁ። ሰውየው አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል፤ ሹፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ የሚደጋግመው አንድ ቃል ነበር። «አላየሁትም! አላየሁትም!» እውነቱን ነው፤ አላየውም። ፍሬቻው ትንሽ ናት፣ ቀኑ ዝናብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው የሹፌሩ ድምፅ ነው።

«የአንቺማ ጭራሽ ፍሬቻም የለው» አልኳት። እውነትም የቀድሞው ባለቤት ለማሳመር ብሎ አራቱንም ቆርጦ ጥሏቸዋል።

«በእጅ ሲግናል ማድረግ ይቻላል። ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ሕጉ ዝናብ ላይ ቆሞ አያውቅም።»

«ኦኬ። ሶ፣ ፍሬቻ ይኑረው። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው በዝናብ ካየኝስ?»

ወጥመድ ውስጥ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። እኔ ቃል የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ከሰጠሁ ግን አላጥፍም። «ከኋላሽ የሚመጣ ሰው ወዴት እንደምትታጠፊ በዝናብ፣ በምሽት ዓይኑ ለይቶ ካየ፣ ቁልፉን እሰጥሻለሁ። ካላየ ሞተሩ ይሸጣል» አልኩ።

በማግስቱ ከሱቅ ፍሬቻ ገዝታ መጣች። እንደ ሽምብራ ፍሬ ያነሰች ነገር! መልሺ አልኳት። እኔው እሠራዋለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ሞተሩን ልከለክላት የቆረጥኩ ሰው፣ ፍሬቻ ይሠራ ከተባለ ግን እንደዚያች ያለ መናኛ ነገር ቤቴ እንዲሰቀል አልፈለግሁም።

አልማዝ ወጥ በሠራች ቁጥር የምትጥለውን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሰበሰብኩ። ትንሽ፣ ክብ፣ ጠንካራ ናት። አራቱን አጥቤ ጥቁር ቀባኋቸው። ከሥራ ቦታ የተጣለ የፎርክሊፍት መብራት ነበር፤ ብርቱካናማ ሽፋኑን በጣሳዎቹ አፍ ልክ ቆረጥኩት። በየጣሳው ውስጥ ኤል ኢ ዲ የሚባሉትን ጥቃቅን መብራቶች እንደ ንብ ቀፎ ደረደርኩ፤ ለየሦስቱ ኤሌክትሪኩን የሚገታ አንድ ሬዚስተር በየድኩ፤ ውኃ እንዳይገባ ዙሪያውን በሲሊኮን ማጣበቂያ አተምኩ። ኤል ኢ ዲ ኤሌክትሪክ የሚጠጣው በጥቂቱ ስለሆነ በአሮጌው ፍላሸር በአግባቡ ብልጭ ድርግም አይልም፤ ይህን ስለማውቅ ፍላሸሩንም ቀየርኩ። ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ስሞክራቸው ዓይን ይወጉ ነበር። ኮራሁ። መኩራት ደግሞ አመሌ ነው።

ሞተሩ ላይ ስንገጥማቸው ከህሊና ጋር ተጨቃጨቅን። እኔ ሽቦ በእጄ ጠምዝዤ በፕላስተር የምጠቀልል ሰው ነኝ። እሷ እያንዳንዱን ሽቦ ጫፉ ላይ ምልክት ታደርግበታለች፤ ፋብሪካ ውስጥ እንዲያ ነው የለመደችው።

«ይሄ አውሮፕላን አይደለም!» ብላት፣

«እኔም አልበርም፣ ዳድ። ግን መሬት ላይም መውደቅ አልፈልግም» አለችኝ።

ጠምዝዤ መጠቅለሌን ግን አልተውኩም።

ቅዳሜ ደረሰ። ለሰኞ የቀረን ያ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ካፊያ እያለ፣ ጋራዡ በር ላይ አንድ መኪና ፓርክ አደረገ። ጋሽ ወልዱና እትዬ አስካለ ወረዱ።

እትዬ አስካለ የህሊና የክርስትና እናት ናቸው። ጋሽ ወልዱን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያውን ሥራ ያገኙልኝ፣ ቤት ስከራይ ስለኔ ዋስ ሆነው የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። አባት የለኝም፤ አባት የምላቸው እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓይናቸው ታክሞ ደህና ቢሆንም ሌላው ደክሟል፤ ለዚህ ነው መኪና መንዳት ትተው በእትዬ አስካለ መኪና የሚሄዱት።

ገና ሲገቡ ገባኝ። የላከቻቸው አልማዝ ናት። ፍሬቻ ስሠራ አይታ ሞተሩን ልፈቅድ ነው ብላ ፈርታለች፤ ፊት ለፊት ዝም ብላኝ በሽማግሌ መጣችብኝ።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ» ብዬ ያለችኝን አንዲት ወንበር ጠረግሁ።

«አንቀመጥም» አሉ። «የመጣንበት ጉዳይ አለ። እሺታህን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት ከባድ ነው። እምቢ ያለ ሰው ረገጠ ይባላል፤ ስሙም አብሮት ይኖራል።

እትዬ አስካለ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት። «አልማዝዬ ጣሳዬ የት ገባ ስትል ነበር። ለካ እዚህ ተሰቅሎ ኖሯል!» አሉ። ህሊና ሳቋን ልትይዝ አፏን አፈነች።

«ልጄ» አሏት ጋሽ ወልዱ፣ «ሴት ልጅ በዚህ ነገር ላይ ተፈናጥጣ ስትሄድ ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ብትወድቂ? በባቡር ሂጂ።»

«ባቡሩ ሬንተን አይሄድም፣ ጋሽ ወልዱ።»

«እንግዲያውስ ሥራው ይቅር። ሥራ ሌላ ይገኛል።»

ይሄን ጊዜ ልጄን አየኋት። ሥራው ይቅር ሲሏት ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። ያንን ሥራ ያገኘችው በማንም ዋስትና አይደለም። ተፈትና፣ ወድቃ፣ እንደገና ተፈትና ነው።

«ጋሽ» አልኩ፣ «ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ። ከኋላዋ የሚመጣ ሰው ወዴት እንደምትታጠፍ ካየ ትነዳለች፤ ካላየ ይሸጣል። እርስዎም አልቀመጥም ካሉ፣ ሄደው ያቺ ጥግ ላይ ይቁሙልኝ። እርስዎ ካዩ ማንም ሹፌር ያያል። ይፍረዱ።»

እትዬ አስካለ ደነገጡ። «በዚህ ዝናብ? በእኚህ ዓይን?»

«በዚህ ዝናብ። በእኚሁ ዓይን።»

ጋሽ ወልዱ ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ካላየሁ ይሸጣል?»

«ይሸጣል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ስል ግማሽ ልቤ ባያዩ ይሻላል ይል ነበር። ካላዩ አይሆንም ያልኩት እኔ አልሆንም፤ ጣሳው ነው፣ ዝናቡ ነው፣ የሽማግሌው ዓይን ነው። እኔ ነፃ ነኝ።

መሸት ሲል ጋሽ ወልዱ ጃንጥላ ይዘው ጥጉ ላይ ቆሙ። ህሊና ሞተሩን ወደ መንገዱ አወጣች። ከእሳቸው አጠገብ ተነሥታ ወደ እኛ ስትመጣ ጀርባዋ ለእሳቸው ነው። ፍሬቻ አሳየች። እኔ ጋራዡ በር ላይ ሆኜ ዓይኔን የግራው ጣሳ ላይ ብቻ ተክዬ ብልጭ ሲል አየሁ። እንደ ፋና ነው የሚበራው! ከኋላዋ እሳቸው ጮኹ።

«አላወቅሁም!»

«ምን?»

«ወዴት እንደምትሄድ አላወቅሁም! ሁሉም ይበራል!»

«ዓይንዎ ነው፣ ጋሽ! ግራ ነው ያሳየችው!»

«ዓይኔ ቢደክም መቁጠር አላቃተኝም! እዚህም ይበራል፣ እዚያም ይበራል!»

በንዴት ሄድኩ። ህሊናን ድገሚው አልኳት፤ ከሽማግሌው ጎን ቆሜ አየሁ። ልክ ናቸው። ግራው ሲበራ ቀኙም አብሮ፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ፣ ይበራል። በዝናቡ ውስጥ የሚለይ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ነው የሞከርኳቸው፤ ከተገጠሙ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ቀኝ ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሞ ስለነበር ያየሁት ግራውን ብቻ ነው። በራ ብዬ አለፍኩ።

ወደ ጋራዡ ተመለስን። አልማዝም ከቤት ወጥታ ነበር።

«በቃ» አሉ ጋሽ ወልዱ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ራስህ ዳኛ አደረግኸኝ። እኔም ፈረድኩ። እሺ በለንና እንቀመጥ።»

ህሊና ሄልሜቷን አወለቀች። ፀጉሯ ረጥቧል። «ዳድ፣ ሴይ ሰምቲንግ፣ የሆነ ነገር በል» አለችኝ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የፈለግሁት ነገር ሳህን ላይ ቀረበልኝ። እሺ ብል ሽማግሌ አከበርኩ፣ ሚስቴን ደስ አሰኘሁ፣ ቃሌንም ጠበቅሁ። ልጄ ብቻ ሰኞ ሥራዋን ታጣለች፤ ያውም እኔ በገጠምኩት ሽቦ። በዚያች ቅጽበት የሹፌሩ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ «አላየሁትም!» ሰውየው አለማየቱን እንደ ምክንያት ይዞ ነበር። እኔም የራሴን ሥራ ብልሽት ምክንያት አድርጌ ልጄን ልጥል ነው።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አሉ ጋሽ ወልዱ።

«እሺ ማለቱ። የተሳሳተው ፍሬቻው ነው። ፍሬቻውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በኔ ጥፋት እሷ አትቀጣም። ሲስተካከል እንደገና ያያሉ።»

«ቃልህስ?»

«ቃሌ ከኋላዋ የሚመጣ ሰው እንዲያያት ነው። እስኪያያት እሠራለሁ።»

«ሽማግሌ እየረገጥክ ነው!» አሉ እትዬ አስካለ። «እኚህን ሰው! አባትህን!»

«አዎ» አልኩ። «ልጄን ከምረግጥ ሽማግሌ እረግጣለሁ።»

አልማዝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ወልዱ ዞረው ወደ በረንዳው ሄዱ። እትዬ አስካለ ከአልማዝ ጋር ቤት ገብተው ማልቀስና መማከር ጀመሩ። መኪናው የእሳቸው ስለሆነ ጋሽ ወልዱ መሄድ አልቻሉም። በረንዳው ላይ ቆመው ቀሩ፤ አሁንም አልተቀመጡም።

እኔ ፕላስተሩን መፍታት ጀመርኩ። የጠመዘዝኩት ሽቦ ተወሳስቦ የትኛው ከየት እንደሚመጣ ራሴንም ግራ አጋባኝ። ህሊና እጄን ያዘችው።

«ስቶፕ። የኔ ምልክት አለበት። እኔ ልከተለው።»

ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች ከኋላ እስከ መሪው ድረስ ሄደች። መሪው አጠገብ፣ ነጂው ፍሬቻ ማብራቱን የሚያውቅባት አንዲት ትንሽ አምፖል አለች። ነቀለቻት። ፍሬቻ አበራች፤ ግራው ብቻ በራ። መልሳ ተከለቻት፤ አራቱም በሩ።

«ይቺ ናት» አለች። «በግራና በቀኝ መሃል ነው ያለችው። ግራው ሲበራ ይቺ አምፖል ግራውንድ፣ የከረንቱን መመለሻ፣ የምታገኘው በቀኙ በኩል ነው። ትንሽ ከረንት ወደዚያ ታሾልካለች።»

«ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚሠራው። በአሮጌው አምፖል ችግር የለውም።»

«አሮጌው አምፖል በዚያች ታህል ከረንት አይበራማ። ኤል ኢ ዲ ግን ትንሽ ይበቃዋል።»

ፍላሸሩን የቀየርኩት ኤል ኢ ዲ ትንሽ ስለሚበቃው ነው፤ ያንኑ እውቀት ግን እዚህ አላመጣሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው አምፖል ብዙ የሚፈልግ ነበር።

«ዳዮድ አለህ?» አለችኝ። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ነገር ነው። ከአንድ አሮጌ ቻርጀር ሁለት ነቀልኩላት። አንዱን ከግራው፣ አንዱን ከቀኙ ወደ አምፖሏ፣ አምፖሏን ደግሞ በቀጥታ ወደ ግራውንድ። እሷ በየደች፤ እኔ የእጅ ባትሪ ያዝኩላት። አባት ለልጁ መብራት ሲይዝ ማየት ለናንተ ምን እንደሚመስላችሁ አላውቅም። ለእኔ ከብዶኝ ነበር፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ስንጨርስ ዝናቡ ጠንክሯል። ወደ በረንዳው ሄድኩ።

«ጋሽ፣ ልለምንዎት መጣሁ» አልኩ። «እኔም አልቀመጥም።»

ዞር ሳይሉ «ጃንጥላዬን ስጠኝ» አሉ።

ጥጉ ላይ ቆሙ። ህሊና ከአጠገባቸው ተነሣች። ጀርባዋ ብቻ፣ በዝናቡ ውስጥ ጥቁር ጥላ ሆኖ። ከዚያ ጣሳው ብልጭ አለ።

«ቀኝ!» ብለው ጮኹ።

ዞራ ተመልሳ እንደገና ሄደች።

«ግራ!»

ሦስተኛ ጊዜ ራቅ ብላ፣ ከዛፎቹ በታች ሆና አሳየች። «ቆይ… ቀኝ! ቀኝ ነው!» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሊደብቁት ያልቻሉት ደስታ ነበር።

ወደ ጋራዡ ተመለሱ፤ ኮታቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ሞተሩን አዩ፣ ህሊናን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወንበሯ የታለች?» አሉ። እሺታዬን ሳይሰሙ ተቀመጡ።

አባቶች ሆይ፣ አሁን ለእናንተ ልናገር። ልጆቻችንን እዚህ አገር አምጥተን ስንፈራላቸው የምናውቀው አንድ ሥራ አለ፤ «አይሆንም» ማለት። እኔ ለዓመታት ያንን አባትነት ብዬ ኖሬያለሁ። አይሆንም ማለት ግን ምንም አይጠይቅም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ይባላል። ጣሳ ማጠብ፣ ሽቦ መፈተሽ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ከኋላ ማየት፣ ልጅህ «ስቶፕ» ስትልህ እጅህን መሰብሰብ፣ እነዚህ ናቸው የሚከብዱት። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ዛሬም ዝናብ ሲጥል ስልኬን አያለሁ። ግን ፍርሃቴን ለልጄ አልጭንባትም፤ ሥራ አደርገዋለሁ።

ሽማግሌ አይከበር እያልኩ አይደለም። ጋሽ ወልዱን ያን ቀን እንዳከበርኳቸው አክብሬያቸው አላውቅም። የሚለምኑኝን ከመስጠት ይልቅ ዓይናቸውን አመንኩ። እሳቸው ይህን ተረድተውልኛል። እትዬ አስካለ ግን ለብዙ ወራት ሰላምታ ነፍገውኛል፤ አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ያዙር።

ሰኞ ሊነጋ ሲል ቁልፉን ሰጠኋት። አልመከርኳትም፤ የምመክራት ነገር ሁሉ ጣሳዎቹ ውስጥ ነበር። ካፊያው ውስጥ ቁልቁለቱን ወረደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አልማዝ ከኋላዬ መስኮቱን ከፍታ እንደቆመች አላወቅሁም። ጥጉ ጋ ስትደርስ ብርቱካናማው መብራት ብልጭ አለ፤ አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ፣ እያነባችም ቢሆን፣ አልማዝ ቀደመችኝ።

«ግራ» አለች።